እትዬ የቀጠረቻቸው ጽዳተኞች

እህቴ የጥርስ ክሊኒኩን ደረጃ መጥረግ ስትጀምር የአሁኑ ዶክተር ገና ዳዴ ይል ነበር። ክሊኒኩ ያኔ የአባቱ ነው። ሦስት ፎቅ፣ ስልሳ ሁለት ደረጃ። እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ደረጃውን ግን አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ የትኛው ጠርዙ እንደተሸረፈ፣ የትኛው ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ላይ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ቆም ብሎ ደሙን እንደሚተፋ።

እኔ በአሥራ አንድ ዓመት አንሳታለሁ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እትዬ ነው የምላት። ክሊኒኩም ከእኔ አፍ ለምዶ እትዬ ይላታል። ዶክተሩም፣ አስተዳዳሪዋም፣ ጉንጩ አብጦ የመጣ እንግዳ ሰውም።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ ወገቧን ታማ የተኛች ሰሞን ባልዲውን እኔ ያዝኩ፤ እሷ ድና ስትነሳ ሁለተኛ ባልዲ ተጨመረልን፣ እንዲያው በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ጀምረን መሐል ፎቅ ላይ እየተገናኘን ኖርን። እሷ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። እኔም የለኝም። የምንኖረው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው፤ ክፍሏን የያዝናትም ሁለታችንም ስለምንሠራ ነው።

አምና መጨረሻ ላይ አስተዳዳሪዋ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። ጽዳቱ ለአንድ ድርጅት ሊሰጥ ነው አለችን። ድርጅቱ እኔን ይወስደኛል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግን አይቀበልም። ይህን ስትል እትዬን አላየቻትም፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስቴፕለር ነው የምታየው። እትዬ ሃምሳ ሰባት ሞልቷታል።

«እኔስ?» አለች እትዬ።

«እርስዎማ እንግዲህ... ትንሽ ዕረፍት አይሻልዎትም?»

«የት ነው የማርፈው?»

«ቤትዎ። ቁጭ ብለው።»

«ቤቴ ቁጭ ብዬ ማንን ላይ? ግድግዳውን? እሱንም ትናንት ጠርጌዋለሁ።»

አስተዳዳሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ፈገግ አለች፣ ግን የድርጅቱን የውል ወረቀት ከጠረጴዛው አላነሳችም። ስንወጣ እትዬ ደረጃው ላይ ቆማ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና ወደ ላይ ወጣች። ሦስተኛው ፎቅ አልተጠረገም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ዶክተሩ ገንዳውን ያስመጣው። የታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር፤ ተበላሸ። በሱ ፋንታ ከዚህ እስከዚያ የሚደርስ መስታወት አስገጠመ። የጨው ውሃ ነው፣ የባሕር። ከታች ነጭ አሸዋ፣ ከላዩ ከባሕር የመጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። ውሎ አድሮ ኮራል የሚባለው አበባ መሳይ ነገር ይበቅልበታል ተባለ። ይህን ሁሉ የገጠመው ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው የዓሣ ነጋዴ ነው። ገጥሞ ሲጨርስ ግን ዓሣ አላስገባም። ውሃው መጀመሪያ «መብሰል»፣ ዓሣ የሚያኖር እስኪሆን መቆየት አለበት አለ። አንድ ወር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ድንጋይ ሲያይ ከረመ።

«ዓሣዎቹ የታሉ?» ይላል ታካሚ።

«ውስጥ ገብተዋል፤ ጥርሳቸውን እየተነቀሉ ነው» ትላለች ካርድ የምታወጣዋ ልጅ።

ከወሩ በኋላ ድንጋዩም አሸዋውም ቡናማ ትቢያ የመሰለ ነገር ለበሰ። ዶክተሩ ደንግጦ ነጋዴውን አስጠራው። ነጋዴው ግን ደስ አለው። አዲስ ገንዳ ሁሉ እንዲህ ነው፣ አሁን ቆሻሻውን የሚበሉ እንስሳት የሚገቡበት ጊዜ ደረሰ አለ። እሱ ራሱ መርጦ አምጥቶ በየሳምንቱ እየመጣ ሊያያቸውም ይችላል። ዶክተሩ በየሳምንቱ የውጭ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቱቦ ሲጎትት ማየቱን አልወደደውም። «የሚያየው ሰው ቢኖረንማ» አለ ለአስተዳዳሪዋ።

እትዬ መወልወያዋን ይዛ በስተኋላቸው ነበረች። «እኔ አየዋለሁ» አለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ነፍስ ያለው ነገር ነው።»

«አንተንስ ያየሁህ ነፍስ ሳይኖርህ ነው?»

ዶክተሩ ሳቀ። ሥራ ሰዓት ላይ አንቱ ነው የምትለው፤ አንተ ያለችው ሳታስበው ነው መሰለኝ። በልጅነቱ አባቱ ጥርስ ሲነቅል እሱ ደረጃው ላይ እሷ ባልዲ አጠገብ ነበር የሚውለው። ጥቂት ቆሞ አሰበና ነገሩን ለአስተዳዳሪዋ እንዲህ ብሎ ነገራት፦ የድርጅቱ ውል የሚጀምረው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ገንዳው በእትዬ እጅ ይሁን። ያን ጊዜ አማረ ከተባለ አዳራሹና ገንዳው የእሷ ሥራ ሆኖ ይቀራል፣ ድርጅቱ ደረጃውንና ፎቁን ይይዛል። ካልሆነ ግን ገንዳውን ለነጋዴው፣ ሁሉንም ጽዳት ለድርጅቱ።

እንግዲህ የእህቴ እንጀራ አንድ መስታወት ውሃ ውስጥ ገባ።

ሱቁ የሄድነው በምሳ ሰዓት ነው፣ እኔ አንባቢ ሆኜ። ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ገንዳ፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ። እትዬ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ወለሉን ነው። ነጋዴው አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ እጅጌውን እስከ ብብቱ የሚሰበስብ ሰው ነው።

«ግቡ እናቴ» አለ።

«እናትህ ለመሆን እንኳ ትንሽ ይቀረኛል። እህቴ በለኝ።»

«እሺ እህቴ። ለዚያ ገንዳ ይሄውልዎት ዝርዝሩ። አርባ ራስ አስቤያለሁ።»

አንብቢ አለችኝ። ድሮም ፈጥኖ ማንበብ አይሆንልኝ፣ በዚያ ላይ ስማቸው ያስቸግራል። «ቀስ በይ» አለችኝ፣ «ማንም አላባረረሽም።»

የመጀመሪያው ሰማያዊ እግር ያለው ትንሽ ሸርጣን ነው። የራሱ ቅርፊት የለውም፣ ባዶ ዛጎል ፈልጎ ይገባል። ሲያድግ ደግሞ ሰፋ ወዳለው ይዛወራል። ዶክተሩ በሥዕል አይቶ ወዶት ነበር።

«የሚዛወርበት ባዶ ዛጎል ካጣስ?» አለች እትዬ።

«እ... ያው አንዳንዴ ቀንድ አውጣ ካለ ያስወጣዋል።»

«ያስወጣዋል ስትል፣ በሰላም?»

«አይ። ይበላዋል፤ ከዚያ ቤቱ ውስጥ ይገባል።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «ያ የመጀመሪያው አከራያችን አይደል? ይለፈው።»

ቀጥሎ የባሕር ኮከብ ነበር፣ አሸዋ የሚያገላብጥ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ እሱን ካላመጣችሁ አትምጡ ብላን ነበር። አሸዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ይበላል አለ ነጋዴው።

«የእኛ አሸዋ ውስጥ አሉ?»

«አዲስ ስለሆነ ገና ብዙም የሉም።»

«ታዲያ እሱ ምን ሊበላ ነው?»

«ትንሽ ይቆያል።»

«ይቆያል ወይስ ይኖራል?»

ነጋዴው ማጅራቱን አከከ። «ይቆያል» አለ።

እሱም ታለፈ። ኪያር መሳይ፣ አሸዋ እየዋጠ አጥቦ የሚተፋ ሌላ ፍጥረት አሳየን። ሲሞት ወይም ሲጎዳ መርዝ ሊለቅ ይችላል፣ ገንዳው ውስጥ ያለ ሁሉ ያልቃል። እትዬ እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በፊት አብሯት ሠርቶ እንደነበር ነግራው አለፈችው። የባሕር ጃርቱ ደግሞ ሥራ ወዳድ ነው፣ ግን በእሾሁ ያገኘውን ሁሉ ይገፋል፤ ድንጋይ ይጥላል፣ ኮራል ይነቅላል። «ሥራውን ይሠራል፣ ዕቃ ይሰብራል» አለች። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዷ ነበረች።»

ቀንድ አውጣዎቹ ጋ ስንደርስ ነው ወንበር የጠየቀችው። መስታወትና ድንጋይ የሚልሱ ሁለት ዓይነት አሉ። ነጋዴው አንደኛውን በጣም አሞገሰው። እትዬ ጉልበቷን እያሸች፣ «መስታወቱ ላይ ሲወጣ ቢወድቅስ?» አለች።

«ይወድቃል፣ ያለ ነው።»

«በጀርባው ከወደቀ ይነሳል ወይ?»

ይህን ያልጠበቀ መሰለኝ። እትዬ ከሁለቱም አንዳንድ አውጥቶ አሸዋው ላይ እንዲገለብጥላት ጠየቀችው። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። አንደኛው፣ ያ የተሞገሰው፣ ሥጋውን አውጥቶ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አለ፣ ደከመው፣ ገባ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ። ሁለተኛው ጫፉ የሾለ፣ ጥምጥም የመሰለ ነው፤ ዘገየ፣ ግን እግሩን ዘርግቶ አሸዋውን ያዘና ተንከባሎ ቀና አለ። እትዬ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ይሄኛውን» አለች።

«ያኛው ግን በደንብ ይሠራል እህቴ።»

«ቅዳሜና እሁድ እኔ የለሁም። ማን ያነሳዋል?»

ከጥምጥሞቹ ስድስት ወሰደች። ነጋዴው ሃያ ካልሆነ ብሎ ተከራከራት። ስልሳ ሁለት ደረጃ የሚጠርገው ሁለት ሰው መሆኑን ነገረችው፣ ስድስቱን ቆጠረላት። ከዚያ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ፣ የተረፈ ምግብ ሲሸታቸው ብቻ ብቅ የሚሉ አራት ሌላ ቀንድ አውጣዎች መረጠች። በመጨረሻ ሽሪምፕ የሚሉትን፣ ቀይና ነጭ ሸንተረርና ረጅም ጢም ያለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት አሳየን። ይሄ ወደፊት ዓሣ ሲገባ አፋቸው ውስጥ ገብቶ ጥርሳቸውን ሳይቀር ይለቅምላቸዋል አለ።

«ዓሣው ዝም ይለዋል?»

«አፉን ከፍቶ ይቆምለታል።»

«እንግዲህ ይሄ ሌላ ዶክተር ነው» አለች። ስሙም ዶክተር ሆኖ ቀረ። በኋላ ዶክተሩ ራሱ በኮሪደሩ ሲያልፍ «የሥራ ባልደረባዬ እንዴት ዋለ?» ይል ነበር።

በማግስቱ ገቡ። ከነላስቲካቸው ባልዲ ውስጥ አስቀምጠን፣ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግን አለማመድናቸው፤ ነጋዴው ብትቸኩሉ ይሞታሉ ብሎን ነበር። እትዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ሥራ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነው። ከሳምንት በኋላ ሁለት ትናንሽ ብርቱካናማ ዓሣዎች ተጨመሩ። አዳራሹ ደስ አለው። ሰው መጽሔቱን ትቶ መስታወቱን ማየት ጀመረ።

ጥፋታችን የመጣው ከዚያ ነው፣ ግን ጥፋት አይመስልም ነበር። እትዬ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ገንዳው ሆነ። ነጋዴው በማግኔት የሚሠራ መፈግፈጊያ ሰጥቷት ነበር፤ በዚያ አራቱንም መስታወት ትፈገፍጋለች፣ የፊቱን፣ የጎኑን፣ ወደ ግድግዳው የዞረውንና ማንም የማያየውን የኋላውን። ከዚያ ከዕቃ ክፍል አዲስ የጥርስ ብሩሽ ታመጣና እጇን እስከ ክንዷ ነክራ ድንጋዩን ትቦርሻለች። ቀዳዳ ለቀዳዳ። ቡናማው ነገር በሳምንት ጠፋ። የሚተነውን ውሃ በተጣራ ውሃ ትተካለች፣ ጨዉን እኔ በመለኪያው አይቼ እነግራታለሁ። ገንዳው እንደ ጠራ ሰማይ ሆነ።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር በምላስዎ ነው የሚልሱት?» አለ ዶክተሩ አንድ ጠዋት።

ማታ ቤት ስንገባ ደጋግማ አነሳችው። «አየሽ፣ ምን እንዳለኝ ሰማሽ?» ትለኛለች። እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ። እኔም ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጥምጥም ከመስታወቱ ወደቀ። በሆዱ ስለወደቀ መነሳት አያስፈልገውም፣ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ቀን እንዲሁ ቆየ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አወጣችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷን አዞረች። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሞተ። የቀሩት አራቱም ወጥተው እላይ ውሃው ጫፍ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ አይልሱም፣ አይሄዱም። የአሸዋዎቹ ደህና ናቸው። ዶክተር ደህና ነው። ዓሣዎቹ ይበላሉ፣ ይጋፋሉ። ጥምጥሞቹ ብቻ።

እትዬ በሽታ ነው አለች። በሽታ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ቆሻሻ ነው፤ በሷ ዕድሜ ሌላ ምክንያት ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ በቀን ሁለቴ መቦረሽ ጀመረች።

አንድ ከሰዓት የሞተውን በጨርቅ ጠቅልላ ሱቁ ሄድን። ነጋዴው ውሃውን ጠየቀ፣ ጨዉን ጠየቀ፣ ሙቀቱን ጠየቀ፤ ሁሉንም ከወረቀት ላይ አነበብኩለት፣ ምንም ጉድለት አላገኘበትም። ዛጎሉን እያገላበጠ ትንሽ አሰበ።

«መስታወቱ እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው» አለች እትዬ።

«ምን ያህል?»

«ፊትህን ታይበታለህ።»

«ድንጋዩስ?»

«እሱም ንጹሕ ነው።»

«ማን ነው የሚያጸዳው?»

«እኔ ነኛ። ማን ያጽዳልህ?»

ነጋዴው ዛጎሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊስቅ ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እህቴ» አለ፣ «እነዚህ ታዲያ ምን ይብሉ? የሚበሉት እሱኑ ነው እኮ። እርስዎ ጠርገው ጨረሱባቸው። በሽታ አይደለም፣ ረሃብ ነው።»

የሱቁ ፓምፖች ያጉረመርማሉ። እትዬ ጨርቁን አጣጥፋ፣ እንደገና ፈታ፣ እንደገና አጣጠፈች። የኮከቡ ምግብ ከየት ይመጣል ብላ የጠየቀች ሴት እኮ ናት። ለኮከቡ ታወቃት። መስታወት ላይ ያለ እድፍ ግን የሰው ቀለብ ሊሆን ይችላል ብላ እንዴት ታስብ? ሙሉ ዕድሜዋን እድፍ ስትበላ የኖረችው እሷ ናት።

«ሁለት ልተካልዎት?» አለ ነጋዴው።

«አይ። አራቱን ካላኖርኩ ሌላ ምን አደርጋለሁ።»

ትንሽ የደረቀ የባሕር ቅጠል ሰጣት፣ ድንጋይ ላይ በጎማ አስራ እስኪያገግሙ እንድታበላቸው። ከዚያ ደግሞ፣ «የፊቱን መስታወት ብቻ፣ ሰው የሚያይበትን፣ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ። ሌላውን አይንኩት። ድንጋዩን አይንኩት» አላት።

«አይንኩት» አለች እትዬ መንገድ ላይ፣ ለራሷ። «አትንኪው ብሎ ሥራ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት ከደረጃው ይልቅ አደከሟት። ጠዋት ትገባለች፣ መፈግፈጊያውን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ወንበሮቹን ሁለቴ ትወለውላለች። የበሩን እጀታ ትወለውላለች። ከዚያ ገንዳው ፊት መጥታ እጇን እጇ ላይ አድርጋ ትቆማለች። የኋላውና የጎኑ መስታወት መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ስስ፣ እንደ ውሃ ጋን ውስጠኛ ግድግዳ። አንድ ቀን ክንዷ ላይ ጭረት አየሁና ምንድን ነው አልኳት። «ያሳክከኛል» አለች። መፈግፈግ የቀረበት ጥፍሯ ወደ ራሷ ክንድ ዞሮ ነበር።

ጥምጥሞቹ ግን ከውሃው ጫፍ ወረዱ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁለቱ። አራተኛው ደካማ ነው፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል።

ቀኑ ሲቃረብ አስተዳዳሪዋ መጣች። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? እንደዚያ ሲያበራ የነበረ ገንዳ! ነገ ዶክተሩ ከድርጅቱ ሰውዬ ጋር ነው የሚያየው። ይጥረጉት እንጂ።»

«ምግባቸው ነው።»

«ይሁና፣ ለነገ ብቻ። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ለእሷ ብላ መሆኑ እውነት ነው። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ ጠዋት እትዬ ልብሷን ስትቀይር ቀድሜያት አዳራሽ ገባሁና መፈግፈጊያውን አነሳሁ። የጎኑ መስታወት ላይ አንድ ክንድ ያህል እንደፈገፈግኩ ከኋላዬ ሰማኋት።

«አስቀምጪው።»

«እትዬ፣ ለአንድ ቀን ቢራቡ አይሞቱም።»

«እሱ በአንድ ቀን አልበቀለም። ስንት ሳምንት እንደቆየ አንቺ ታውቂያለሽ። አራተኛው አሁን ነው መብላት የጀመረው።»

«አንቺስ? አንቺ ምን ልትበዪ ነው?»

 መጥታ መፈግፈጊያውን ከእጄ ወሰደች፣ አልተቆጣችም፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ «ሂጂ ደረጃሽን ጨርሺ» አለችኝ። እኔ ግን አልሄድኩም። ባልዲዬን ይዤ የደረጃው ሥር ቆምኩ።

በአራት ሰዓት መጡ። የድርጅቱ ሰውዬ ከረባት አድርጓል፣ ሰሌዳ ይዟል። ገንዳውን ዞሮ አየና በጣቱ የጎኑን መስታወት ነካ። «ይሄ ሻግቷል» አለ። «የእኛ ልጆች በአሥር ደቂቃ ያወጡታል።»

ዶክተሩ ወደ እትዬ ዞረ። ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ፣ ያ አስፈራኝ። «እትዬ፣ አብርቶልዎት አልነበር እንዴ?»

«አብርቶ ነበር ዶክተር። ስላበራ ነው ሁለቱ የሞቱት።»

«እንዴት?»

«ጠረግሁባቸው። ምግባቸው መሆኑን አላወቅሁም። አሁን ሲያድር እነሱ ይጠርጉታል፣ እኔ የፊቱን ብቻ ነው የምነካው።» ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። «ይሄን ያዩታል? እዚህ ጋ ጠዋት እህቴ ናት ያበላሸችው፣ ቀጥ ያለውን። ይሄኛው የእነሱ ነው።»

አረንጓዴው ላይ ቀጭን ዱካ ነበር፤ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ጠርዙ በሙሉ ጥቃቅን ንክሻ። በዱካው መጨረሻ አንዱ ጥምጥም መስታወቱን ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዶክተሩ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን አጉሊ መነጽር፣ ጥርስ ሲሞላ የሚያደርገውን፣ ወደ ዓይኑ አወረደው። ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። የድርጅቱ ሰውዬ ሰዓቱን አየ።

«ይሄ ሰውዬ ጥርስ አለው» አለ ዶክተሩ ቀና ሳይል።

«ማን?» አለች አስተዳዳሪዋ።

«ቀንድ አውጣው። ምላሱ ላይ። ነይ እዪ።» መነጽሩን አውልቆ ሰጣት። ከዚያ አንድ ቀጠሮ የያዘች ሴት ጉንጯን ይዛ ተነስታ ላሳይ አለች፣ ተሰጣት። ዶክተሩ ለእትዬ ሲሰጣት ግን አልተቀበለችም። «እኔ ያለ መነጽርም አውቃቸዋለሁ» አለች፣ ድካም ባለው ድምፅ። «አሁን ይቅር ይበሉኝና ልቀመጥ።» ታካሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዶክተሩ የሞቱት ስንት እንደሆኑ እንደገና ጠየቃት። ሁለት አለችው። የቀሩትን አብረው ቆጠሩ፤ አራቱንም አገኟቸው፣ ደካማውን ከድንጋዩ ሥር። ከዚያ የድርጅቱን ሰውዬ ይዞ ወደ ቢሮ ወጣ። እኛ እላይ ሲነጋገሩ እየሰማን፣ ቃሉ ግን ሳይሰማን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

አስተዳዳሪዋ ናት የወረደችው። ገንዳውና አዳራሹ የእትዬ ሆኗል አለች። ግን ለግማሽ ቀን ነው፣ እስከ እኩለ ቀን። ሙሉ ቀን የሚያሠራ ነገር የለም ብሎ ድርጅቱ ተከራክሯል። «ይስማማዎታል?»

«ባይስማማኝስ?» አለች እትዬ። ከዚያ ደግሞ የሴትዮዋን ፊት አየችና፣ «ይስማማኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ቀለሙን በቀሚሷ ጠረገችው፣ እሷ፣ ጨርቅ የማይለያት ሴት።

እኔ አሁን የድርጅቱ ነኝ። አረንጓዴ ካፖርት ሰጥተውኛል፣ እጅጌው ይረዝማል። ደረጃውን ከላይ የሚጀምር ሰው ስለሌለ ስልሳ ሁለቱንም ለብቻዬ ነው የምወርደው። እትዬ እኩለ ቀን ላይ ሥራዋ ያልቃል፣ ግን ወደ ቤት አትሄድም። ከታካሚዎቹ ጋር ተቀምጣ እኔን ትጠብቃለች። አዲስ የመጣ ሰው ተራ የያዘች ይመስለዋል።

ትናንት ስወርድ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆየሽ።»

«ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ነው።»

«የቱን?»

«ቀኙን።»

ጉልበቴን አየችው፣ በካፖርቱ ላይ እንኳ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። «አንቺ አሁን ስንት ሞላሽ?»

«አርባ ስድስት።»

ዓይኗን ወደ ገንዳው መለሰች። ዓሣዎቹ አንዱ ሌላውን እያባረረ ድንጋዩን ዞሩ። የቆሰለ ድድ ያለው አንድ ሽማግሌ ስሙ ተጠርቶ ገባ።

«ሃምሳ እስኪሞላሽ አራት ዓመት አለ፤ ብዙ ነው» አለች፣ ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር እያነሳች።

ብዙ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ክንዷን ያዝኩና ተነሳች፣ በዝግታ ወጣን።